ስሙን ከመስማትዎ በፊት ማዕዘኑን ይዩ
የሚሰበሰቡ ካርዶችን ይዞታ መመዘን ለሚፈልጉ ባለሱቆችና ባለታክሲዎች

በፉትስክሬይ፣ በሰንሻይን፣ በፍሌሚንግተን ወይም በኖብል ፓርክ ሱቅ ካለዎት፣ አንድ ሰው የጫማ ካርቶን ሙሉ የቆየ ካርድ ይዞ መጥቶ «ይገዙኛል?» ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል። ታክሲ የሚነዱም ቢሆኑ ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ ይህች ካርድ ሁለት መቶ ዶላር ታወጣለች፤ ግዛልኝና እናተርፋለን» ሊልዎ ይችላል። ሁለቱም የሚነግሩዎት የካርዱን ስም ነው። ዋጋውን የሚወስነው ግን ስሙ ብቻ አይደለም። ስሙና እትሙ አንድ የሆነ ካርድ፣ አንደኛው ባለመቶ ዶላር ሌላው ባለአምስት ዶላር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከይዞታው ነው፤ ይኸውም ካርዱ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ምን ያህል ሳይጎዳ ቆይቷል የሚለው ነው።

ይዞታን መመዘን ልዩ ትምህርት አይጠይቅም። ቡና የሚገዛ ነጋዴ እፍኝ ዘግኖ የተበላሸውን ፍሬ ይቆጥራል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ባለታክሲ ቀለሙን በፀሐይ አጋድሞ ያያል። ካርድም የሚጠይቀው ይህንኑ ዓይን ነው። ዓይኑ ሳይለምድ ገንዘብ ማውጣት ግን በላብ የተገኘ የሱቅ ካዝናን ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ካርዶች ናቸው?

በሜልበርን ሱቆች በብዛት የሚመጡት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የፉቲ ካርዶች ናቸው። ስካንለንስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ በካርድ እያተመ ከማስቲካ ጋር ይሸጥ ነበር። በየሰፈሩ ያሉት ሚልክ ባር የሚባሉት ትናንሽ ሱቆች ይሸጧቸው የነበሩት እነዚህን ነው። ሊጉ በ1990 ስሙን ወደ ኤ.ኤፍ.ኤል. ከለወጠ በኋላ ሌሎች ኩባንያዎች ሥራውን ቀጥለዋል። የእነዚህ ካርዶች ገዢ በአብዛኛው እዚሁ አውስትራሊያ ውስጥ ያለ ደጋፊ ስለሆነ ገበያቸው ጠባብ ነው።

ሁለተኛዎቹ የፖኬሞን ካርዶች ናቸው። በጃፓን በ1996 ወጥተው በእንግሊዝኛ የታተሙት በ1999 ነው። ገዢያቸው በዓለም ዙሪያ ያለ በመሆኑ ገበያቸው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በሐሰት የሚታተመውም በዚያው ልክ ብዙ ነው። ዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላቸው፣ በልጅነታቸው የሰበሰቡትን የሚሸጡና መልሰው የሚገዙ ሰዎች ሁለቱንም ገበያዎች ያንቀሳቅሷቸዋል።

ይዞታ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በአሜሪካ ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ያተመው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በነሐሴ 2022 በጨረታ በ12.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል። የካርዱ ደረጃ ከ10 ነጥብ 9.5 ነበር። ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ያው ሆኖ ታጥፎና ተቆርሶ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚገኘው ካርድ ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ያም ብዙ ገንዘብ ነው፤ ሆኖም ከላይኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ወደ እርስዎ ጠረጴዛ የሚመጣው ካርድ የዚህ ዓይነት ባይሆንም ሕጉ ያው ነው።

ደረጃ ሰጪ ኩባንያዎች የተነሡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1991 ተቋቁሞ ካርዶችን ከ1 እስከ 10 ደረጃ እየሰጠ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጋል። ቤኬት የተባለው ደግሞ በ1999 ይህንኑ ሥራ ጀምሮ ለአራት የካርድ ክፍሎች ለየብቻ ነጥብ መስጠትን አስለምዷል። ያልታሸገ ካርድ የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚጠቀሙት በቃላት ነው፦ አዲስ የሚመስለውን «ኒር ሚንት»፣ ጥቂት የተነካካውን «ላይትሊ ፕሌይድ»፣ በመጠኑ ያረጀውን «ሞደሬትሊ ፕሌይድ»፣ በጣም ያረጀውን «ሄቪሊ ፕሌይድ»፣ የተጎዳውን «ዳሜጅድ» ይሉታል። እነዚህን አምስት ቃላት ይያዙ፤ በድርድር ጊዜ ይጠቅሙዎታል።

የአያቶቻችን ዓይን

ይህ ሙያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሀገራችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ሲገበያዩበት የነበረውን ዘመን ከታላላቆችዎ ሰምተው ይሆናል። በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዟል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ብርነቱ በመቶ 83 ገደማ ነበር። ነጋዴው ግን ጽሑፉን አምኖ ብቻ አይቀበልም። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥር፣ የተፋቀውንና ያለቀውን እየለየ «ይህን ለውጥልኝ» ይል ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ዝርዝሩን አይቶ ሐሰተኛውን ይለይ ነበር። እርስዎም በካርድ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አራቱ የሚታዩ ነገሮች

አንደኛ፣ ስዕሉ መሃል መቀመጡ። በብዙ ካርዶች ስዕሉን የከበበ ነጭ ወይም ባለቀለም ፍሬም አለ። በሚሊሜትር ማስመሪያ የግራውንና የቀኙን ፍሬም ስፋት ይለኩ። ግራው 3 ሚሊሜትር፣ ቀኙ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ድምሩ 5 ነው፤ ስለዚህ ካርዱ 60 በ40 ነው ይባላል። ግራው 3.3 ቀኙ 2.7 ከሆነ 55 በ45 ነው። ለ10 ነጥብ የሚፈለገው የፊት ገጽ ልክ ወደዚህ የቀረበ ነው። የላይኛውንና የታችኛውንም እንዲሁ ይለኩ፤ ከዚያም ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ይህ ጉድለት ከፋብሪካ የሚመጣ ስለሆነ ባለቤቱ ካርዱን የቱንም ያህል ቢንከባከበው አይድንም። «ከፓኬት አውጥቼ ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ነው የከተትኩት» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ግን አሁንም 70 በ30 ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማዕዘኖቹ። አራት ብቻ እንዳይመስሉዎ፤ ከፊትና ከኋላ ስለሚታዩ ስምንት ናቸው። ጫፋቸው የሾለ ነው ወይስ የዶለዶመ? የላይኛው ቀለም ተልጦ ነጭ ወረቀት ይታያል? ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተሰነጣጥቋል? የፖኬሞን ካርድ ጀርባው ሰማያዊ ስለሆነ ነጩ ነጥብ ቶሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከጀርባው ይጀምሩ።

ሦስተኛ፣ ጠርዞቹ። ካርዱን በዓይንዎ ትክክል አግድም ይዘው አራቱንም ጎን ይከተሉ። የተቆረሰ፣ የሻከረ፣ ነጭ የሆነ ቦታ ይፈልጉ። ልጆች ካርድን በላስቲክ አስረው ስለሚያስቀምጡ በረጅሙ ጎን መሃል ላይ ትንሽ ስርጉድ ይገኛል።

አራተኛ፣ ገጹ። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ካርዱን ከመብራት ሥር አድርገው ቀስ እያሉ ያጋድሉት። ፊት ለፊት ሲታይ ንጹሕ የነበረው አንጸባራቂ ካርድ ሲጋደል በጭረት ተሞልቶ ይገኛል። የጥፍር ምልክት፣ ስርጉድ፣ የኅትመት መስመር፣ የፀሐይ መደብዘዝ፣ የውሃ ማበጥ ይፈልጉ። በቆዩት የፉቲ ካርዶች ላይ የማስቲካ እድፍ፣ በአልበም ተለጥፎ የነበረ ሙጫ፣ በዝርዝር ካርዶች ላይም ልጆች በእስክሪብቶ ያደረጉት የራይት ምልክት የተለመደ ነው። እጥፋት ካለ ግን፣ በፀጉር ቅጥነት እንኳ ቢሆን፣ ካርዱ ከላይኛው ደረጃ ወርዷል።

ከአራቱ አንዱ ሲጎድል የሌሎቹ ማማር አይክሰውም። ሦስት የሾሉ ማዕዘኖች አንዱን የዶለዶመ አያድኑትም። ዋጋውን ሲያሰሉ መሠረትዎ ደካማው ቦታ ይሁን።

በሱቅዎ ጠረጴዛ ላይ

የሚያስፈልግዎ ዕቃ ጥቂት ነው፦ የጠረጴዛ መብራት፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የሚሊሜትር ማስመሪያ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትና ጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ወጥ ሲያወጡ ወይም በርበሬ ሲመዝኑ በቆየ እጅ ካርድ አይነካም።

ካርዱን ሻጩ ካለበት ላስቲክ እንዲያወጣው ይጠይቁ፤ ላስቲክ ጭረትን ይደብቃል። ራስዎ ካወጡት ግን በኋላ «አንተ ነህ የጎዳኸው» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላልና ሻጩ ራሱ እንዲያወጣው መጠበቁ ይሻላል። ከዚያም ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ጀርባው፣ ማዕዘኖቹ፣ ጠርዞቹ፣ ገጹ፣ በመጨረሻ ልኬቱ። ያዩትን ጉድለት በወረቀት ይጻፉ። ሻጩ የሚለውን ደረጃ ከመስማትዎ በፊት የራስዎን ፍርድ ይጨርሱ። አንዴ «ይሄ እኮ ኒር ሚንት ነው» ሲባል ከሰሙ ዓይንዎ ያንን ማየት ይጀምራልና።

ቸኩሎ የሚያጣድፍዎን ሻጭ ያሰናብቱ። ደንበኛ ተሰልፎ ከሆነ «አምስት ሰዓት ከዘጋሁ በኋላ ይምጡ» ማለት ነውር የለውም።

የሚደበቅ ጉድለት

ገንዘብ ባለበት ማጭበርበርም አለ። የዶለዶመ ማዕዘን በምላጭ ተቆርጦ ሹል ይደረጋል፤ የተላጠ ጥቁር ጠርዝ በማርከር ይቀባል፤ እጥፋት ተጭኖ ይቀናል። የተቆረጠ ካርድ ከጓደኞቹ ያነሰ ነው። የፖኬሞን ካርድ ልኩ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው። የፉቲ ካርዶች መጠን እንደየዓመቱ ሊለያይ ስለሚችል በዚያው ዓመት ከታተመ ርካሽ ካርድ ጋር ደራርበው ያስተያዩ። የተቀባ ጠርዝ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ገብቶ ይታያል።

ሐሰተኛ የፖኬሞን ካርድን ለመለየት ርካሽ ግን እውነተኛ የሆነ ካርድ ከጎኑ ያኑሩ። የፊደሉን ቅርጽ፣ የጀርባውን ሰማያዊ ቀለም፣ የወረቀቱን ውፍረት ያወዳድሩ። የእጅ ባትሪ ከኋላው ሲያበሩ ብዙዎቹ ሐሰተኞች ብርሃን አብዝተው ያሳልፋሉ፤ በእውነተኛው ወረቀት መካከል ጠቆር ያለ ስስ ንጣፍ ስላለ ብርሃኑን ይቀንሰዋል።

«ታሽጓልና አያሰጋም» ብለውም አይዘናጉ። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይታደል የነበረው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ከእነዚህ ካርዶች አንዱ በ1991 ፒ.ኤስ.ኤ. መጀመሪያ ደረጃ የሰጠው ካርድ ሲሆን 8 ነጥብ አግኝቶ ነበር፤ በ2007ም በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በ2013 ግን ቢል ማስትሮ የተባለው የጨረታ ነጋዴ የካርዱን ጠርዝ ራሱ መቁረጡን በአሜሪካ ፍርድ ቤት አመነ። ሊቃውንቱ ያላዩት ነገር ነበር ማለት ነው። እርስዎም የታሸገ ካርድ ሲመጣልዎ በላዩ ያለውን ቁጥር በኩባንያው መዝገብ ያመሳክሩ፤ ማሸጊያውም በሐሰት ይሠራልና። ከዚያም ካርዱን እንደገና በራስዎ ዓይን ይዩ።

ዓይንዎን ያለማምዱ

ውድ ካርድ ገዝቶ መማር ኪሳራ ነው። ይልቁንም ከካምበርዌል የእሑድ ገበያ ወይም ከካርድ ሱቅ ሃያ ያህል ርካሽ ካርዶች በጥቂት ዶላር ይግዙ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥተው ደረጃውን በደብተር ይጻፉ። ደብተሩን ዘግተው ከሳምንት በኋላ እንደገና ይመዝኗቸውና ሁለቱን ያስተያዩ። ፍርድዎ ከተለያየ ገና ነዎት፤ ሲቀራረብ ዓይንዎ እየጸና ነው።

ይህንን ከልጅዎ ጋር ቢያደርጉት የበለጠ ይጠቅማል። የትኛው ካርድ እንደሚፈለግ ልጅዎ ያውቃል፤ እርስዎ ደግሞ ዕቃ ማየትና መጠራጠር ያውቃሉ። ሁለታችሁም ለየብቻ ጽፋችሁ ከዚያ አወዳድሩ። ልጁ የሚወደውን ካርድ ከፍ አድርጎ ይጽፋል፤ እርስዎም ያልገባዎትን ዝቅ ያደርጋሉ። በመካከሉ ያለው ብዙ ጊዜ ወደ እውነቱ ይቀርባል። በቋንቋ እየተራራቅን ለመጣን አባቶችና ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጫ ምክንያት ማግኘትም ራሱ ትርፍ ነው።

የገዙትን ሳያበላሹ ማቆየት

ካርድ ጠላቱ ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ነው። በሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለ ካርድ ይደበዝዛል። ቡና ከሚፈላበትና ምግብ ከሚሠራበት ክፍል ያርቁት። በተለይ ባለታክሲዎች፣ ካርድ በመኪና ኪስ ውስጥ አይተዉ፤ በሜልበርን የበጋ ቀን በቆመ መኪና ውስጥ ካርድ ይጣመማል። ካርድን በጨርቅ ማጽዳት፣ በውሃ ማራስ፣ በብረት መጫን ፈጽሞ አያስቡ። ለማሳመር የተደረገ ነገር እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል።

ሕጉና ሒሳቡ

በቪክቶሪያ ያገለገለ ዕቃ ከሕዝብ እየገዛ የሚሸጥ ሰው በ1989 በወጣው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችና አራጣ ያዦች ሕግ ሥር ሊወድቅ ይችላል። ሕጉ ምዝገባን፣ የሻጩን ማንነት መዝግቦ መያዝን፣ ዕቃውንም ለ7 ቀን ሳይሸጡ ማቆየትን ይጠይቃል። ከሕጉ ነፃ የሆኑ ዕቃዎችም ስላሉ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ኮንሱመር አፌርስ ቪክቶሪያን ይጠይቁ። የሻጩን ስምና መታወቂያ መመዝገብ የተሰረቀ ዕቃ ከመግዛትም ያድንዎታል።

የታክሲ አሽከርካሪ ገቢው የቱንም ያህል ቢያንስ ለጂ.ኤስ.ቲ. መመዝገብ ግዴታው ነው። ስለዚህ በዚያው ኤ.ቢ.ኤን. ካርድ መነገድ ከጀመሩ ከካርዱም ሽያጭ ጂ.ኤስ.ቲ. ማስላት ሊኖርብዎ ነው። የግዢና የሽያጭ ደረሰኝዎን ይዘው ሒሳብ ሠራተኛዎን ያነጋግሩ። ከ2011 ጀምሮ የሚሠራበት የአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ከገለጻው ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል። «ኒር ሚንት» ብለው የሸጡት ካርድ እጥፋት ቢገኝበት ገንዘቡን ይመልሳሉ። ስለዚህ ሲሸጡ ጉድለቱን አስቀድመው ይናገሩ፤ ፎቶግራፉንም ጥርት አድርገው ያንሡ።

ደረጃ ለማስሰጠት መላክም በሒሳብ ይሁን። ለምሳሌ ያህል፣ ሳይታሸግ 80 ዶላር የሚያወጣ ካርድ ታሽጎ 130 ዶላር ቢያወጣ፣ የኩባንያው ክፍያ፣ ፖስታውና ኢንሹራንሱ 60 ዶላር ከሆነ፣ 10 ዶላር ከስረዋል ማለት ነው፤ ያውም የተመኙትን ደረጃ ካገኙ።

ምን ያህል ገንዘብ?

በዚህች ከተማ የወረቀት ዋጋ ሊወድቅ እንደሚችል ከባለታክሲ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በአንድ ወቅት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ የነበረው የሜልበርን የታክሲ ፈቃድ በ2017ቱ ለውጥ ተሽሯል። መንግሥት የከፈለው ለመጀመሪያው ፈቃድ 100,000፣ ከዚያ በላይ እስከ ሦስት ለሚደርሱት ደግሞ ለእያንዳንዱ 50,000 ዶላር ነበር። ቤታቸውን አስይዘው የገዙ ወገኖቻችን የደረሰባቸውን እናውቃለን። ፈቃዱ ጉድለት አልነበረበትም፤ የወደቀው ፈላጊው ሲቀር ነው።

ካርድም እንዲሁ ነው። ይዞታን መመዘን ከመታለል ያድናል፤ ከገበያ መውረድ ግን አያድንም። ስለሆነም ለካርድ የሚመድቡት ገንዘብ ቢጠፋ የሱቁን ኪራይ፣ የመኪናውን ክፍያ ወይም ለእናትዎ የሚልኩትን የማይነካ ይሁን። ዕቁብ ደርሶዎ እጅዎ የሞላ ቀንም ካርድ አይግዙ።

በመጨረሻም፣ አንዲት አሮጊት የሟች ባላቸውን ካርዶች ይዘው ቢመጡና ዋጋውን ባያውቁ፣ ያዩትን ይንገሯቸው። ጉድለቱን ማየት የለመደ ዓይን መልካምነቱንም ያያልና በተገቢው ዋጋ ይግዙ። በየሰፈሩ ስምዎ ከተነሣ ቀጣዩ ካርቶን የሚመጣው ወደ እርስዎ ሱቅ ነው።

ቸር ገበያ ያድርግልን።